ቺልኮ ይሰቀል

ዶን ኤርሚኒዮ ካርካሞን ያስተኙት በእኔ ሥጋ ማቆያ ክፍል ውስጥ ነው። «ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው?» ብዬ ጮኼ ነበር፤ ማን ሊሰማኝ! ጥር እኛ ዘንድ፣ በዓለም ደቡብ ጫፍ፣ የሙቀት ልብ ነው፣ ሬሳ ውጭ አያድርም፤ በሎስ ኮይሮኔስ የበግ እርባታ ደግሞ ቀዝቃዛ ክፍል ያለው ከእኔ ወጥ ቤት ጀርባ ብቻ ነው። እናም ዕድሜ ልኩን ከበግ ጋር የኖረው የስልሳ ሰባት ዓመት እረኛ፣ ተገፈው ከተንጠለጠሉ አስራ አንድ በጎች ሥር፣ ሥጋ በምከትፍበት ጠረጴዛ ላይ ተንጋሎ ተኛ። አንገቱ ላይ አራት ቀዳዳ ነበረበት፤ ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ።

ማን ገደለው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሰኞ ጠዋት ከሩቁ ጎጆው ደጃፍ ላይ ወድቆ ሲያገኙት፣ ውሻው ቺልኮ ደረቱ ላይ ተኝቶ ነበር፤ አፉም አፍንጫውም የፊት እግሮቹም ደም በደም። ከዚያ ወዲያ ምን ይጠየቃል? ሠራተኛው ሁሉ ባንድ አፍ «ይሰቀል!» አለ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ብያለሁ።

እኛ ዘንድ በግ የነከሰ ውሻ ይሰቀላል። ሰው የነከሰማ ጥያቄም የለው። የሚሰቅለው ደግሞ ባለቤቱ ነው፤ በገዛ እጁ፣ በጎቹ በሚሸለቱበት ትልቁ መጋዘን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየ። እምቢ ያለ ጓዙን ሸክፎ ይሄዳል። ባለቤቱ ከሞተ ወራሹ ይሰቅላል። ዶን ኤርሚኒዮ ያለችው አንዲት ልጅ ኢርማ ናት፤ ወደብ ከተማው ውስጥ ሸርጣን ስታሽግ የምትውል የአርባ ዓመት ሴት።

ኢርማ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከፖሊስ መኪና ወረደች። ክንዷ ላይ አዲስ ገመድ ጠቅልላ ይዛለች። አላለቀሰችም፣ «ነፍስ ይማር» ስንላትም ዓይኗ ግቢውን ይቃኝ ነበር።

«የት ነው ያለው?» አለች።

«አባትሽ በዚህ በኩል ነው ልጄ» አልኳት።

«አባቴን አላልኩም። ውሻውን ነው።»

ውሻው የአውራ በጎቹ ጋጣ ውስጥ ነበር። የእረኞቹ አለቃ ሲክስቶ ኦያርሱን ፈረሱ ላይ ሆኖ አንገቱን በገመድ ጠልፎ አምጥቶት፣ አፉንም በጠፍር ጥርቅም አድርጎ አስሮታል። ከሰኞ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። እኔ ብቻ በጠፍሩ ጎን በጨርቅ ውሃ አንጠባጥብለት ነበር። ኢርማ ይህን ስታይ ጨርቁን ከእጄ መንጭቃ ጣለችው።

«ውሃ? አባቴ ደሙ ሲፈስ ማን ውሃ ሰጠው?» ከዚያ ጋጣው ብረት ላይ ግንባሯን አስደግፋ፣ ለውሻው ቀስ ብላ ነገረችው። «በገዛ እጄ ነው የማደርገው። ቶሎ እንዳይመስልህ። ቀስ አድርጌ ነው የምስብህ፣ ሰማኸኝ?»

ቺልኮ ጆሮውን አጣጥፎ አያት። እኔ ዞር አልኩ።

ከመኪናው ሁለተኛ የወረደችው ኢንስፔክተር ኦቲሊያ ሶቶ ናት። አጭር፣ ወፍራም፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት የቀራት፤ ጉንጯ ውስጥ ከረሜላ የማይጠፋ። እውነቱን ለመናገር ስናያት ናቅናት። የእርባታው ሥራ አስኪያጅ ዶን አርቱሮ ማክሪ እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ ነበር የጠበቃት።

«እዚህች ላይ ብቻ ይፈርሙልን፣ በውሻ ንክሻ ሞተ ብለው። ሰውየውን እንቅበር፣ ውሻውን እንስቀል፣ ከዚያ ምሳ።»

«ምሳው ምንድን ነው?» አለች።

«የበግ ጥብስ» አልኳት።

«ለጥብስ እቸኩላለሁ፤ ለፊርማ ግን አልቸኩልም። ዶኛ ሮሜሊያ፣ ሬሳውን ያሳዩኝ።»

ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ገባን። ኢንስፔክተሯ ክብሪት አውጥታ፣ እንጨቱን ወደ አንዱ ቀዳዳ ቀስ አድርጋ ሰደደችው። እስከ ራሱ ጠለቀ። «አሀ» አለች። ከዚያ በወረንጦ ከቀዳዳው ውስጥ አንዲት ሰማያዊ ክር ስባ አወጣች።

«እርስዎ ብዙ ዓመት እዚህ ኖረዋል። ይህች ምንድን ናት?»

«የጆንያ ክር ናት፣ ሱፍ የምናሽግበት። መጋዘኑ ሞልቶታል።»

«ዶን ኤርሚኒዮ ሱፍ ያሽግ ነበር?»

«ኧረ እሱ! ስንቁን ይዞ ወዲያው ወደ ጎጆው ይመለሳል። ባመት አንዴ ሽለታው ሲያልቅ፣ ለግብዣው ቅዳሜ ብቻ ነው ከሰው ጋር የሚውል። ምሽቱን ተመልሶ ይሄዳል።»

የሟቹን ሱሪ ኪስ ፈተሸች። ቀይ የአንገት ሻርፑ እዚያ ነበር፤ አራት ላይ የታጠፈ፣ ጠብታ ደም የሌለበት።

«ይህን ያወልቀው ነበር?»

«ሲተኛም አያወልቀው! በልጅነቱ ፈረስ ጥሎት አንገቱ ላይ ትልቅ ጠባሳ ነበረበት፣ ያፍርበታል። እኔ ራሴ አንገቱን ያየሁት ከሞተ በኋላ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ሻርፑን መልሳ አጠፈችው። እጇን ወደ ሟቹ ማጅራት አስገብታ ቆየች፣ አንድ ነገር ስትዳስስ። ምን እንዳገኘች ግን አልነገረችኝም።

ከምሳ በኋላ ወጥ ቤቴ ውስጥ ተቀምጣ ሰዎቹን አንድ በአንድ አስጠራች። እኔ ሳህን እያጠብኩ ነው፤ ማንም ውጪ አላለኝም፣ እኔም አልወጣሁም።

መጀመሪያ ሬሳውን ያገኘው ቶሪቢዮ ማንሲያ ገባ፤ ሱፉን ጨቁኖ የሚያሽገው፣ አፉ ሥራ የማይፈታ ግዙፍ ሰው።

«ሰኞ ጠዋት እዚያ ምን ወሰደህ?»

«ይቅርታ ልጠይቀው ነዋ! ቅዳሜ በካርታ ጨዋታ አጭበርባሪ ብሎኝ ሰድቤው ነበር።»

«አጭበርብረህ ነበር?»

«ትንሽ» አለ ቶሪቢዮ።

«የሱፍ ጥቅሎቹን በምንድን ነው የምትጎትታቸው?»

«በመንጠቆ። ይህን የምታህል፣ ጫፏ የሾለ። ሁለት አለችኝ።» ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «እንዲያውም እሑድ አንዷ ጠፍታብኝ ነበር። ሰኞ ማታ ቦታዋ ላይ ተሰቅላ አገኘኋት። ታጥባ! እኔ ከተፈጠርኩ መንጠቆ አጥቤ አላውቅም። ምነው ኢንስፔክተር፣ እኔን ነው እንዴ?»

«እስካሁን አጭበርባሪ ነህ እንጂ ሌላ አልተባልክም። ስለ መንጠቆው ግን ለማንም አትተንፍስ። ሂድ።»

ዶን አርቱሮ ማክሪ ሰዓቱን እያየ ገባ።

«ከዚህ በፊት ውሻ ተሰቅሎ ያውቃል?» አለችው።

«አምና፣ ሐምሌ ላይ። አስራ ሁለት በግ ባንድ ሳምንት ተነከሰ፤ በረዶው ሁሉ ደም ሆነ። ኤርሚኒዮ መጣና ‹የሲክስቶን ውሻ፣ ካፒታንን፣ ከመንጋው መሃል ሲወጣ አየሁት› አለ። ኤርሚኒዮ ዋሽቶ አያውቅም። ሲክስቶ ራሱ ሰቀለው።»

«ከዚያ በኋላ በግ ተነከሰ?»

«አንድም።»

«እንግዲያው የተሰቀለው ትክክለኛው ውሻ ነው።»

«ይመስለኛል።»

«ይመስልዎታል» አለች ኢንስፔክተሯ፣ ከረሜላዋን እየቆረጠመች።

በመጨረሻ ሲክስቶ ኦያርሱን ገባ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው። ማቴ፣ የቅጠል ሻያችንን፣ ቀድቼ ዘረጋሁለት፤ ተቀብሎ ጠጣ። የሸሚዙ እጅጌ በዚያ ሙቀት እስከ አንጓው ተቆልፏል።

«ቅዳሜ ሟቹ ከመጋዘኑ ጀርባ ወስዶህ ሲያለቅስ ነበር አሉ።»

«ጠጥቶ ነበር። ሟች ሚስቱን አስታውሶ ነው።»

«እሑድስ የት ዋልክ?»

«ምሥራቅ በኩል አጥር ስጠግን።»

«ብቻህን?»

«ከፈረሴ ጋር። እሱን ይጠይቁት።»

«ውሻውን በጥይት እንጨርሰው ሲሉ የከለከልከው አንተ ነህ?»

ሲክስቶ ማቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «የኔ ውሻ የሞተው በገመድ ነው። ለእኔ ውሻ ገመድ ከሆነ፣ ለዚህም ገመድ ነው።»

ሲወጣ ኢንስፔክተሯ ወደ እኔ ዞረች። «ከገባ ጀምሮ እጁን ሲያዩት ነበር። ምን አዩ?»

ሰው ማሳጣት አልወድም፤ ግን ጠየቀችኝ። «ሲክስቶ ግራኝ ነው» አልኳት። «አስራ ዘጠኝ ዓመት ሳበላው አውቀዋለሁ። ከትናንት ወዲህ ግን ሹካም ማቴም የሚይዘው በቀኙ ነው።»

«ዶኛ ሮሜሊያ፣ የፖሊስ ደመወዝ ትንሽ ነው እንጂ እኔ እቀጥርዎት ነበር። ኮትዎን ይልበሱ፣ ወደ ጎጆው እንሂድ።»

በመኪና ወደ አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ ነፋሱ መኪናውን እየገፋ። መንገድ ላይ ስለ ሟቹ ጠየቀችኝ፤ እኔም ዝም ማለት አልሆነልኝም። ጥሩ ሰው ነበር፣ ንፉግ ነበር፣ ከሰው ይልቅ ከውሻው ጋር ያወራ ነበር። ካምና ወዲህ ደግሞ ውሻውን ለሰው ማሳየት ትቷል፤ ማንም ወደ ጎጆው አይጠጋ፣ ወደ እርባታው ሲመጣም ቺልኮን አስሮት ነው።

«ምግብስ ከማን ይወስዳል?»

«ከእኔ ነዋ፣ በየሁለት ሳምንቱ። በፊት ለውሻው የበግ ጭንቅላትና አጥንት ነበር የሚጠይቀኝ። ኋላ ላይ ሳንባና ጉበት ብቻ ስጪኝ ማለት አመጣ። ‹ምነው ዶን ኤርሚኒዮ፣ ጥርስዎ ረገፈ እንዴ?› ብዬ ቀልጄበት ነበር። እሱ ግን አልሳቀም።»

ኢንስፔክተሯ ፍሬን ያዘች። መኪናው መሃል መንገድ ላይ ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እንግዲህ... በረዶው እያለ ነው። ሐምሌ መጨረሻ፣ ነሐሴ።»

 መኪናውን አስነሥታ እስከ ጎጆው ድረስ እያከነፈች ነዳች።

ደጃፉ ላይ ደሙ ደርቋል። የቺልኮ ሳህን ከበሩ ጎን ነበር፤ ውስጡ ለሕፃን እንደሚደረገው የተከተፈ ሥጋ ደርቆ ቀርቷል። ከጎጆው ጀርባ ደግሞ ዶን ኤርሚኒዮ በልቶ የጣላቸው አጥንቶች ተከምረዋል፤ የቅልጥም፣ የጎድን፣ የወርች። ኢንስፔክተሯ ጉልበቷን እያማረረች ተንበርክካ አንድ ሃያውን አገላበጠች። ሁሉም ላይ የቢላ ምልክት አለ። የጥርስ ምልክት ያለበት ግን አንድ የለም።

«እርስዎ ቤት ውሻ አለ?»

«ሁለት።»

«ይህን የመሰለ አጥንት ቢጥሉላቸው ምን ይተርፋል?»

«ምኑ ይተርፋል? አቧራውን ጭምር ይልሱታል» አልኩ፤ የተናገርኩት ለራሴው ገረመኝ።

ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ሁላችንም መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰብን፤ አስራ ስምንት ሰው እንሆናለን። ኢርማ ገመዷን በምሰሶው አግዳሚ ላይ አሳልፋ፣ ሸምቀቆውን ራሷ ሠርታ ጨርሳለች። ቺልኮን ሁለት ሰው እየጎተተ አመጣው። ሲክስቶ ከኢርማ ጎን ቆሞ ነበር፣ ባርኔጣውን አውልቆ። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ያየሁትን ሰላም እስካሁን አልረሳውም።

«ፈርመዋል?» አለች ኢርማ።

«አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል» አለች ኢንስፔክተሯ። «የገደለው ጥርስ ነው ብዬ ልጽፍ ነው፣ ጥርሱን ሳላይ ደግሞ አልጽፍም። ማን አፉን ይከፍትልኛል?»

ሰው ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«አንተስ ሲክስቶ? ያሰርከው አንተ ነህ።»

ሲክስቶ ወደ ፊት ሲል ውሻው በታሰረ አፉ እያጓራ ምድርና ሰማዩን አንድ አደረገው። ሁለቱ ሰዎች በግድ ነው የያዙት።

«ተወው፣ ተወው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ዶኛ ሮሜሊያ፣ ሳንባውን ያምጡ።»

ሳንባውን ይዤ ቀረብኩ። ጠፍሩን ስፈታው ቺልኮ እጄን አልነካም። ሳንባውን ሳያኝክ ዋጠው፤ ሁለት ቀን ተርቦ። ኢንስፔክተሯ ከጎኑ ቁጭ ብላ ራሱን አሻሸችው፤ ከዚያ በሁለት አውራ ጣቶቿ ከንፈሩን ገለጠች።

«ኢርማ፣ ባለቤቱ አንቺ ነሽ። ነይ እይና ንገሪን። ምን ይታይሻል?»

ኢርማ ጎንበስ አለች። ረዥም ጊዜ አየች።

«የለም» አለች።

«ምኑ?»

«ክራንቻው። አራቱም የሉም። ተቆርጠዋል።»

 ኢንስፔክተሯ ከረሜላ ልጣ ጉንጯ ውስጥ አደረገች።

«በሽቦ መቁረጫ ተቆርጠው በሞረድ ተስተካክለዋል፤ ቁርጡም ቢጫ ሆኗል፣ የትናንት አይደለም። ሬሳው ላይ ያለው ቀዳዳ ደግሞ የክብሪት እንጨት ይውጣል። ክራንቻ የሌለው ውሻ ያን በምን ይበሳዋል? ጥርሶቹን የቆረጠው ዶን ኤርሚኒዮ ራሱ ነው። ዶኛ ሮሜሊያ ነሐሴ ላይ አጥንቱ ቀርቶ ሳንባ መስጠት ጀምረዋል፤ እሱም ሥጋውን ይከትፍለት ነበር። አሁን እናንተ ንገሩኝ፤ ፑማ የሚባለው አውሬ በሚዞርበት ተራራ ብቻውን የሚኖር እረኛ፣ የውሻውን ክራንቻ የሚቆርጠው ለምንድን ነው?»

 ሁላችንም ገብቶን ነበር፤ አንድ በአንድ ወደ ሲክስቶ ዞርን።

«አዎ» አለች ኢንስፔክተሯ። «አስራ ሁለቱን በግ የነከሰው ቺልኮ ነው። ሽማግሌው ሊሰቅለው አንጀቱ አልቻለም። ስለዚህ ዋሸ፤ ካፒታን ነው አለ። ከዚያ ዳግመኛ እንዳይነክስ ክራንቻውን ቆርጦ ደበቀው። ለዚህ ነው በግ መነከሱ የቆመው እንጂ ትክክለኛው ውሻ ተሰቅሎ አይደለም።»

ዶን አርቱሮ ማክሪ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ኢንስፔክተሯ ቀጠለች።

«ሟቹን መጀመሪያ ማጅራቱ ላይ መቱት፤ እብጠቱ አለ። ከዚያ ሻርፑን ፈቱ። ውሻ ሻርፕ ፈትቶ አራት ላይ አጥፎ ኪስ ውስጥ አይከትም። ቀጥሎ በሱፍ መጎተቻ መንጠቆ አንገቱን አራት ቦታ ወጉት፤ የጆንያው ክር ቀዳዳው ውስጥ ቀርቷል። መንጠቆውም ታጥቦ ተመለሰ። ቶሪቢዮ ቢሆን አያጥበውም ነበር።»

«ምላለሁ!» አለ ቶሪቢዮ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ፤ ሳቁም ወዲያው ሞተ።

«ውሻው ጌታው ሲመታ ዝም አላለም። በቀሩት ጥርሶች፣ በመንጋጋው ብቻ፣ የመቺውን ክንድ ነከሰ። ቀዳዳ የለም፤ ምልክት ግን አለ። ሲክስቶ፣ አንተ ግራኝ ነህ፤ ሁለት ቀን በቀኝህ እየበላህ ነው። እጅጌህን ሰብስብ።»

ይክዳል ብዬ ነበር። አልካደም። ቁልፉን ፈትቶ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰበሰበ። ክንዱ ጠቁሮ አብጧል። የፊት ጥርሶቹ ረድፍ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ክራንቻ ሊያርፍበት በሚገባው ቦታ ሁሉ ግን ቆዳው ደህና ነው።

«ካፖርቴ ወፍራም ስለሆነ ነው ያልዘለቀኝ ብዬ ነበር» አለ ሲክስቶ።

ኢርማ ዘላ ጉሮሮውን ያዘችው። ሦስት ሰው ነው ያላቀቃት። «አባቴን! ሽማግሌ ሰውዬ! ለውሻ ብለህ?» እያለች ትጮህ ነበር።

«አዎ፣ ለውሻ ብዬ» አለ፤ ድምፁ አሁንም አልተነሣም። «ካፒታንን በአርባ ቀኑ ከእናቱ ነጥዬ በብብቴ አሳደግሁት። እዚህችው ምሰሶ ላይ ነው የሰቀልኩት። ሸምቀቆውን ሳጠልቅለት እጄን ላሰኝ። እጄን! አባትሽ አጠገቤ ቆሞ ነበር፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ‹አይዞህ ልጄ› እያለኝ። እያወቀ! ስድስት ወር ሙሉ እያወቀ ማቴ አጠጣኝ። ቅዳሜ ወስዶኝ ‹ካፒታን አልነበረም፤ የኔው ቺልኮ ነው፤ ይቅር በለኝ› አለኝ። ይቅር በለኝ! ጥዬው ሄድኩ። እሑድ መንጠቆውን ይዤ ተመለስኩ። ሁለቱም ይሙቱልኝ ብዬ፤ እሱ እንደ በጎቹ፣ ውሻው እንደ ካፒታን።»

«ጥለኸው ባትሄድ» አለች ኢንስፔክተሯ፣ «ቀጥሎ ክራንቻውን መቁረጡን ይነግርህ ነበር። የኑዛዜውን ግማሽ ሰምተህ ነው የሄድከው። ሙሉውን ሰምተህ ቢሆን በውሻው ሳይሆን በሌላ ነገር ባሳበብክ፤ እኔም ዛሬ ጥብሴን በልቼ፣ ፈርሜ በሄድኩ ነበር።»

ሲክስቶ ትንሽ አሰበ። ከዚያ፣ ይገርማል፣ ፈገግ አለ።

«ይሁን። እኔን ውሰዱኝ። ግን አስራ ሁለት በግ የነከሰው እሱ ነው፣ አሁን ሁላችሁም ሰማችሁ። ሕጉ የታወቀ ነው። ገመዱም ተሰቅሏል። ስቀሉት! አይቼ ልሂድ። ካፒታን በዚህ ሕግ ሞቷል፤ ለዚህ የተለየ ሕግ አለ? ዶን አርቱሮ፣ አለ?»

ዶን አርቱሮ ጫማውን ያይ ጀመር። ሲክስቶ የተናገረው ልክ ነው፤ ሁላችንም አውቀነዋል፣ ቢያስጠላንም። ኢንስፔክተሯ ትከሻዋን ነቀነቀች።

«የበጎቹ ነገር የፖሊስ ሥራ አይደለም። ሰውን የነከሰው ጌታውን ሲያድን ነው፣ እሱን ጽፌ እዘጋዋለሁ። የቀረውን ባለቤቱ ትወስን።»

ሁሉም ኢርማን አየ። ጸጉሯ ተበታትኖ፣ ከንፈሯ እየደማ፣ መሃላችን ቆማለች። ሄዳ ገመዱን በሁለት እጇ ያዘች። ሲክስቶ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ስከፍተው ገመዱ መሬት ላይ ወድቋል።

«አባቴ ውሸታም ነበር» አለች። «ስላንተ ውሻ አፍሬያለሁ፣ ይህን በሕይወት እስካለሁ አልክድም። ግን ይህን ደስታ አልሰጥህም። እስር ቤት ገብተህ፣ ‹ቢያንስ ውሻው ተሰቅሏል› ብለህ ጋደም ልትል? የትም! ቺልኮ ይኖራል። እኔ ቤት፣ ምድጃዬ ሥር ነው የሚተኛ። ሥጋውን እኔ እከትፍለታለሁ። በየወሩ ፎቶ አነሣዋለሁ፣ ሲወፍር፣ ሲያረጅ፣ ፀሐይ ላይ ሲጋደም፤ ለአንተም እልክልሃለሁ። ታየዋለህ።»

አስራ ዘጠኝ ዓመት አውቀዋለሁ፤ ሲክስቶ ኦያርሱን ሲጮህ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ካቴናውን ሲያስገቡለት ዝም ያለው ሰው፣ ቺልኮ በኢርማ እግር ሥር ሲቀመጥ እያየ፣ መኪናው ውስጥ እስኪያስገቡት ድረስ «ስቀሉት! ስቀሉት!» እያለ ጮኸ። አንድ ሰው እንኳ ገመዱን ለማንሣት ጎንበስ አላለም።

ኢርማ ቃሏን ጠብቃለች። ኢንስፔክተር ኦቲሊያ ጡረታ ወጥታ ባለፈው ፋሲካ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር፤ እስር ቤቱ ውስጥ የምታውቃቸው ሰዎች አሏት። ፎቶው በደረሰው ቀን ሲክስቶ ምግቡን አይነካም አለችኝ፤ ሳህኑን ገፍቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ይህን ነገር ኢርማም ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ ፖስታውን ቀን ቆጥራ፣ እሑድ እንዲደርሰው አድርጋ ነው የምትልከው። እስር ቤቱ ውስጥ ሥጋ የሚበላው እሑድ እሑድ ብቻ ነው።